ጫማ የሚያስወልቀው ፊልም

ረዳቱ ለቀልድ ነበር ያለው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወጣው ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ለሦስት በተሠራው ወንበር አራት ሰው ተጣቧል። ረጅም ተረከዝ ያደረገች አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ ልትገባ ስትል ረዳቱ በሩን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ቀስ በይ እናቴ። ጫማሽን አውልቂ። ወለሉ እንዳይጮኽ» አላት። ታክሲው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ራሷ ሳቀች፤ ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ «ባለ መቀሱ መጣልሽ!» ብሎ ጨመረበት፤ ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ እያየ ፈገግ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሰው ለመሳቅ ሰበብ አይፈልግም። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ማኅሌት ብቻ አልሳቀችም። የእናቷን መነጽር አስጠግና እየተመለሰች ነበር፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው። ያ ቃል የእሷ ነው። ማክሰኞ ዕለት ማይክ ፊት ቁጭ ብላ የተናገረችው እሷ ናት። አሁን ግን ከወንድ አፍ፣ እንዲያ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትሰማው፣ ከማን እንደወሰደችው ገባት። የታላቅ ወንድሟ የገዛኸኝ ቃል ነው።

ማኅሌት ፊልም ተርጓሚ ናት። ትርጉም ፊልም የሚያይ ያውቀዋል፤ ለማያይ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሪያዎቹ በኮሪያኛ ያወራሉ፣ ከሥር እንግሊዝኛው ይሮጣል፣ እሷና ኤርሚ ደግሞ እንግሊዝኛውን እያዩ በላዩ ላይ በአማርኛ ያወራሉ። የጎደለውን ይሞላሉ፣ የረዘመውን ይቆርጣሉ፣ ተዋናዩ ዝም ባለበት ቦታ የራሳቸውን ጣል ያደርጋሉ። በዚህ ሥራ ዝም ማለት ነውር ነው። «ሰው እኮ ሹሩባ እየተሠራ፣ ሽንኩርት እየከተፈ ነው የሚሰማን» ይላል ኤርሚ፤ «ዝም ካልን የተበላሸ ይመስለዋል።» የዚህ ሳምንቱ ፊልም ግን አሥር ተርጓሚ ቢሰለፍለትም የሚድን አልነበረም። በተዘጋ አሮጌ ክሊኒክ ውስጥ የሞተ ሐኪም መንፈስ መቀስ ይዞ ስድስት ሴት ተማሪዎችን አንድ በአንድ ይፈጃል። መንፈስ ተብዬው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ደሙ ድልህ ነው። ልጆቹ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ በመስኮት ካልወጣን ብለው ይታገላሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንደኛዋ ከእንቅልፏ ትባንንና ሁሉም ሕልም ሆኖ ያርፈዋል። ኧረ እንዲያው እግዜር ያሳያችሁ! መንፈሱ ራሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ «ነይ» ይላል። አሥራ አንድ ጊዜ «ነይ»። በዚህ ማን ይፈራል?

የኤርሚ ስቱዲዮ ስቱዲዮ መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ከፈረሳው በተረፈ ፎቅ ላይ ያለች፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ መስኮቷ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንዲት ክፍል ናት። ማክሰኞ ዕለት ኤርሚን ጉንፋን ድምፁን ዘግቶት ስለነበር የመንፈሱንም ድርሻ ማኅሌት ወሰደች። ፊልሙ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አንዲት ልጅ በጣውላ ወለል ላይ ጫማዋን እያንኳኳች ስትሸሽ ታየች፤ መንፈሱ በሩን ከኋላዋ ዘጋና ቆመ። ጽሑፍ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ማኅሌት አፏን ከፈተችና በሹክሹክታ፣ «ቀስ በይ። እኔ አልጮኽም፤ አንቺም አትጮኺም። ጫማሽን አውልቂ። ወለሉ እንዳይጮኽ» አለች። ከየት እንደመጣላት አላወቀችም። ኤርሚ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ ክንዱን ዘረጋላት፤ ፀጉሩ ቆሟል። «አንቺ ልጅ፣ ፊልሙን እኮ አዳንሽው!» አላት። ሐሙስ ፊልሙ ወጣ። ዓርብ ያቺን ቦታ ብቻ ቆርጦ ስልክ ለስልክ የተቀባበለው ሰው ብዛት! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

አሁን ታክሲው ውስጥ ሆና ሁሉም እየተግተለተለ መጣባት። ቤታቸው የጥንት ጣውላ ቤት ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ተሾመች ከቀበሌ ተከራይተው ሠላሳ ዓመት የኖሩበት፣ ክፍሎቹ በቺፑድ የተከፈሉ። በቺፑዱ ወዲህ ማኅሌት አለች፤ ወዲያ ገዛኸኝና ሚስቱ ሰገን። ገዛኸኝን የማያከብር የለም። በመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ነው፣ በጸሎት ቤታቸው የተጣላ ባልና ሚስት የሚመራው ወደ እሱ ነው፤ «ድምፁ ከፍ ብሎ ሰምተን አናውቅም» ይሉታል። እውነት ነው፣ ከፍ ብሎ አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ አንዳንድ ቀን በሩ ቀስ ተብሎ ይዘጋል፤ ከዚያ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ፤ ከዚያ አንድ ጫማ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ፣ ሁለተኛው ሲቀመጥ፤ ከዚያ ትራስ የሚያራግፉ የሚመስል ድምፅ፤ ከዚያ ምንም። በማግሥቱ ሰገን ባለ ረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሳ፣ «ደህና አደርሽ ማኅሌትዬ» ትላለች። ሰገን ከኮንሶ የመጣች ናት፤ አዲስ አበባ ላይ የእኔ የምትለው ዘመድ የላትም። ማኅሌትስ? ማኅሌት የጆሮ ማዳመጫዋን ታደርግና ፊልም ትከፍታለች። በንግግር እንጀራዋን የምትበላ ልጅ ሰገንን አንድ ቀን፣ «ምን ሆነሻል?» ብላት አታውቅም። እናታቸው ከጸሎት በኋላ ወዲያው ስለሚተኙ ምንም አይሰሙም ብላ ታስባለች፤ እንዲያ ማሰቡም ይቀላታል።

ፍርሃቷ ለራሷ አልነበረም። ገዛኸኝ እሷ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ፊልሙን ከሰማ ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ነገራት? መልሱም ለእሱ አንድ ነው፤ ሰገን ናት ይላል። ከዚያ በሩ ቀስ ተብሎ ይዘጋል። ማኅሌት ፒያሳ ስትወርድ አንድ እጇን ታክሲው ላይ አስደግፋ ቆመች። «እናቴ፣ መኪናዬን ልትገፊልኝ ነው?» አላት ረዳቱ። ሰዉ አሁንም ሳቀ።

ስቱዲዮው ውስጥ ኤርሚን ጉንፋኑ ለቆት፣ ከታች ካፌ ያስመጣውን ማኪያቶ ይዞ፣ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ አገኘችው። «ንግሥት መጣች!» ብሎ ተነሳ። «ማኪያቶ ልዘዝልሽ? ሰባ ብር ገብቷል፣ ግን ለአንቺ ይገባሻል። አየሽ ምን ያህል ሰው ሙድ እየያዘበት እንደሆነ? አንዱ ፀጉር ቤት በሩ ላይ ጽፎ ለጥፎታል አሉ።»

«አንሳው» አለች።

«ምኑን?»

«ፊልሙን። ከየሱቁ አስነሳው። ካልሆነ ያቺን ቦታ ብቻ ቁረጣትና እንደገና እናውጣው።»

ኤርሚ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። እግሩን ከጠረጴዛው አወረደ። «ማኅሌት፣ የፈሰሰ ውኃ እኮ አይታፈስም። ከጊዮርጊስ እስከ መርካቶ ያልጫነው ሱቅ የለም። እኔ ብቆርጠውስ ሰዉ ስልክ ውስጥ ገብቼ ላወጣው ነው?» ማኪያቶውን አስቀመጠ። «ሰው አስፈራራሽ እንዴ? ማን ነው?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ኤርሚ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቢነግሩት የሚያዝን። ግን ምን ብላ ትጀምር? ወንድሜ ብላ? «ማንም አይደለም» አለችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። የወንድሟን ስም ለመጠበቅ መዋሸቷ እንደሆነ ደረጃው ግርጌ ስትደርስ ታወቃት፤ አፈረችም፤ ተመልሳ ግን አልወጣችም።

የተረፋት አንድ ነገር ነው። ገዛኸኝ ቲክቶክ የሚባል አያይም፣ ስልኩ ላይ ያለው መዝሙርና ስብከት ነው፤ ታክሲም አይሳፈርም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ነው የሚያመላልሰው። ፊልሙ ቤት ካልገባ ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል። ቤት የሚገባ ፊልም ደግሞ የሚመጣው ከመይሙና ሱቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ተሾመች የኮሪያ ድራማ ወዳድ ናቸው፤ በየሳምንቱ ፍላሻቸውን ይልኩና መይሙና አንዱን በአሥር ብር እየጫነች ትመልስላቸዋለች። ማኅሌት ቀድማ ልትነግራት፣ «ለእማዬ ይሄኛውን እንዳትጭኚ፣ መንፈስ ምናምን አለበት፣ ትደነግጣለች» ልትላት አስባ እየሮጠች ሄደች።

የመይሙና ሱቅ የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር ጣሪያው ድረስ የተንጠለጠለባት፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ የሚቆምባት ናት። ሁለት ሴቶች ባንኮኒውን ተደግፈው ስለዚያው ፊልም ነው የሚያወሩት። «ይሄንን ነው አስፈሪ ብለሽ የጫንሽልኝ?» ትላለች ቀጭኗ። «ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አመሹ! መንፈሱ እኮ ሲሮጥ ቀበቶውን ይዞ ነው።» መይሙና ሳቀች። ሁለተኛዋ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ዘንቢል የያዘች ሴት ግን አልሳቀችም። «ፊልሙስ ቂል ነው» አለች ቀስ ብላ። «እዚያች ጫማዋን የሚያስወልቅበት ቦታ ላይ ግን ሰውየው የእውነት ነው። እኔ ተነስቼ ዘጋሁት።» ፍላሿን ተቀበለችና ማንንም ሳታይ ወጣች። ማኅሌት በዓይኗ ሸኘቻት። ስንት ቤት ነው እንዲህ ያለው፣ ብላ አሰበች።

«አንቺ! ዝነኛዋ!» አለች መይሙና። «ለእናንተ ቤት እኮ ጭኜዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወስደዋል።»

«ማን ወሰደው?»

«ሰገን ናታ።»

«እማዬ ልካት?»

«አይ፣ ለእማማስ ድራማቸውን ጨመርኩላቸው። ይሄን ራሷ ናት የጠየቀችኝ። ‹ያን ጫማ የሚያስወልቀውን› አለችኝ። የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎቹ ሲጫወቱበት ሰምታ ነው መሰለኝ።»

ማኅሌት ባንኮኒውን ያዘች። «ስትጠይቅሽ ሳቀች?»

«ማን?»

«ሰገን። ሰው ሁሉ እየሳቀ አይደል የሚጠይቅሽ? እሷ ሳቀች ወይ?»

መይሙና ትንሽ አሰበች። «አሁን ስትዪኝ» አለች፣ «አልሳቀችም።»

ከመይሙና ሱቅ እስከ ቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ማኅሌት ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሰገን አታነሳም። አዲሱ አስፋልት ዳር ሰው ወንበር አስወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ የጊዮርጊስ ደወል ስድስት ሰዓትን ይደውላል፣ የጋዜጣ አዟሪ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይከራከራል፤ እሷ ግን አንዱም አይታያትም። አሁን ፍርሃቷ ሁለት ሆነ። ሰገን ሰምታዋለች። የማኅሌትን ድምፅ ታውቃለች። ስለዚህ ማኅሌት ከቺፑዱ ወዲህ ሆና ስታዳምጥ እንደኖረች፣ ከዚያም ወስዳ ለፒያሳ መሳቂያ እንዳደረገችው የሰገን ልብ ያውቃል። ምን ብላ ነው ዓይኗን የምታየው? የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ደጃፍ ስትደርስ የገዛኸኝን ጥቁር ጫማዎች በረንዳው ላይ፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ጎን ለጎን ተሰድረው አየቻቸው። ቅዳሜ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው።

ሳሎን ውስጥ ምሳ ቀርቧል። ፓስታ በሥጋ ነው፤ ጎን ላይ ሰላጣ፣ በቢላዋ የተቆረጠ ዳቦ። ወይዘሮ ተሾመች በራሳቸው ወንበር፣ ገዛኸኝ በቴሌቪዥኑ ትይዩ፣ ሰገን ከእሱ አጠገብ። የሰገን ሹራብ አንገቷ ድረስ ተቆልፏል። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆቹ ወደ ክሊኒኩ እየገቡ ነው፤ የማኅሌት ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። ማኅሌት በሩ ላይ ቆመች።

«ነይ ተቀመጪ እንጂ» አላት ገዛኸኝ በደስታ። «ሥራሽን እያየን ነው። እውነቴን ልንገርሽ፣ እንዲህ ዓይነት የመንፈስ ነገር ቤታችን ባይገባ እወድ ነበር። ሰገን ግን እንየው እንየው ብላ አላስበላ አለችኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅርብን» አለች ማኅሌት። «አያምርም። መጨረሻውም የረባ አይደለም። ልቀይረው፣ የእማዬን ድራማ ላድርግ።» ሪሞቱን ፈለገች። ሪሞቱ ሰገን ጭን ላይ ነው፤ ሰገን በእጇ ሸፍናዋለች። ወደ ማኅሌት ቀና ብላ አየቻት። የቁጣ አይደለም፣ የወቀሳም አይደለም። ሰው ቁስሉ ሲታጠብለት የሚያደርገው ዓይነት፣ ጥርስን ነክሶ የመጠበቅ አስተያየት ነበር።

ማኅሌት ለእናቷ መነጽራቸውን ሰጥታ ተቀመጠች። ገዛኸኝ መንፈሱ ሲመጣ ከልቡ ሳቀ፤ «ይሄ ምስኪን ዳቦ ቤት ነው እንዴ የሞተው?» አለ። ወይዘሮ ተሾመች አልሳቁም፣ ሹካቸውን ይዘው ያያሉ። የመጀመሪያዋ ልጅ ሞተች፤ ሁለተኛዋ ሞተች። ሦስተኛዋ በጣውላው ላይ መሮጥ ጀመረች። በሩ ተዘጋ። የማኅሌት ሹክሹክታ ከቴሌቪዥኑ ወጣ፤ «ቀስ በይ። እኔ አልጮኽም፤ አንቺም አትጮኺም። ጫማሽን አውልቂ። ወለሉ እንዳይጮኽ።»

የገዛኸኝ ሹካ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ፓስታው ቀስ እያለ ከሹካው ላይ ተንሸራተተ። «አጥፊው» አለ። ሰገን አላጠፋችም፤ ድምፁን ብቻ ቀነሰችው። እጁን በሶፍት ጠረገ፣ አንድ በአንድ፣ ጣቶቹን ሁሉ። ከዚያ ወደ ማኅሌት ዞረ። «ይሄን ቃል ማን ሰጠሽ?» አላት። አልጮኸም። የሚያስፈራውም ያ ነው፣ ዝም ብሎ ጨው አቀብዪኝ የሚል ይመስላል።

አሁን ነበር መናገር የነበረባት። ራሴ በጆሮዬ ሰምቼ ነው፣ ሰገን አልነገረችኝም ማለት ነበረባት። ግን ሃያ ሰባት ዓመት ያከበረችው ወንድሟ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ የሌላ ሰው ሆኖባታል። «ከጽሑፉ ነው ጋሼ» አለች። «እንግሊዝኛው እንደዚያ ይላል።»

ገዛኸኝ ትንፋሹን ለቀቀ። ፊቱ ተፈታ፣ ፈገግም አለ። «አየሽ?» አለ ለሰገን። «ፊልም ነው። የኮሪያ ፊልም።» እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈና አውራ ጣቱ አንገቷ ሥር ገባ። «ከምሳ በኋላ ግን ለምን እንዳመጣሽው ትንሽ እናወራለን። እሺ?» ሰገን «እሺ» አለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው እጇ ብርጭቆውን ከሳህኑ ጋር ያንቃጭለው ጀመር። ማኅሌት ያን ድምፅ ስትሰማ ውሸቷ ለማን እንደጠቀመ ገባት፤ መሬት ብትውጣት በወደደች።

«ማኅሌት» አሉ ወይዘሮ ተሾመች። ከሳህናቸው ቀና አላሉም። «ይሄ ፊልም መቼ ነው የወጣው?»

«ሐሙስ፣ እማዬ።»

«ከትናንት ወዲያ?»

«አዎ።»

ወይዘሮ ተሾመች መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው፣ ሲናገሩ ቃል አይውጡም፤ አሁን ግን ድምፃቸው ተሰባበረ። «እኔ ይህን ቃል መስማት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «በግድግዳው። እሰማና እንበረከካለሁ። ጌታ ሆይ እላለሁ። ተነስቼ ግን በሩን አንኳኩቼ አላውቅም።»

ገዛኸኝ እጁን ከሰገን ትከሻ ላይ አነሳ። «እማዬ፣ የባልና የሚስት ነገር አንቺ…»

«ውጣ።»

«እናቴ…»

«ቤቱ በእኔ ስም ነው ገዛኸኝ። ኮትህን ያዝና ውጣ።»

ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። የሚቀባጥር መስሏቸው ነበር፤ አልቀባጠረም። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ለበሰ፣ አዝራሩን ቆለፈ። «እሺ» አለ በዚያው ድምፁ። «ማታ ስመለስ እንነጋገራለን።» በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። በረንዳው ላይ ጫማውን ሲያደርግ ይሰማል፤ ከዚያ አልሄደም፣ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ሦስቱም ሴቶች በሩን ያያሉ። ከዚያ ደረጃውን ወረደ።

«ቆልፊው» አሉ ወይዘሮ ተሾመች። ማኅሌት ተነሳች። ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጣት፣ በሦስተኛው ገባ። «ማታ ይመጣል» አለች ዞራ። «ቁልፍ አለው፤ ምን እናደርጋለን?» ወይዘሮ ተሾመች እያለቀሱ ነበር። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የሰገንን እጅ ያዙ።

«ይቅር በዪኝ ልጄ» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ!»

ሰገን እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች።

«አራት አይደለም፣ እማማ» አለች። «ስድስት ነው።»